የነጅሙ ሦስት ሰሌዳዎች

ሰፈሩ ወንድሜን ነጅመዲንን የሸኘው «የዋሁ ነጅሙ» እያለ ነው። በለቅሶው ሦስት ቀን ሙሉ ሰማሁት፤ የዋህ፣ ቂም የማያውቅ፣ እንደ ሕፃን የሆነ። ለቀስተኛ አይታረምምና ዝም አልኩ። አሁን ግን ልናገር። ነጅሙ የዋህ አልነበረም። እንደ እኔ እንደ እህቱ ቂመኛ ነበር። እኔ ቂሜን ሆዴ ውስጥ ይዤ ፊቴን ማሳቅ እችላለሁ፤ እሱ ያስቀየመውን ሰው ዓመት ቢሞላው፣ ዒድ ቢመጣ፣ ሰውየው ከኪሱ ከረሜላ ቢያወጣለትም ሰላም አይለውም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ የሚመክሩኝ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለዚህም ነው አለቃችን ስለነበረው ጓድ ዓምደ ሚካኤል አንድም ቀን ዱዓ ያላደረግኩት።

ነጅሙ የተወለደው በ1940 ዓ.ም. ቀበና ወንዝ ዳር ነው። አባታችን አብዱልናስር የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ እናታችን ዘሙሩድ ቅመም ትቸረችር ነበር። ዘግይቶ ሄደ፣ ዘግይቶ ተናገረ፤ ትምህርት ቤት ከሳምንት በላይ አላቆዩትም። ሲቆጥር አንድ፣ ሁለት ይልና ሦስተኛው ላይ «ብዙ» ብሎ ይጨርሳል። ለሼሁም ለፖሊሱም «አንተ» ነበር የሚለው። እርስዎ ማለትን ልናስለምደው ሞክረን አቅቶን ተውነው።

አባታችን ሲሞት ነጅሙ ሃያ ዓመቱ ነበር። ጉልበት አለው ተባለና እንጦጦ ለእንጨት ወጣ። አብረውት የሚለቅሙት ሰዎች የራሳቸውን ግማሽ እሱ ላይ ያስሩና «አንተ ጎበዝ» ይሉታል። ጎበዝ መባል ደግሞ ነፍሱ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ከእንጦጦ ቀበና በባሕር ዛፍ ሸክም ጎበጠ። ሸሚዙን ሲቀይር ገመዱ አንገቱና ትከሻው ላይ የተወውን ጠባሳ አያለሁ። ያሰሩበትን ሰዎች ዛሬም በየስማቸው እቆጥራቸዋለሁ።

እኔ ስፌት ተምሬ፣ ከአብዮቱ በኋላ ከቀበና ድልድይ ከፍ ብሎ በተቋቋመ የልብስ ሰፊዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ገባሁ። አምስት የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ የመጠቅለያ ጠረጴዛ ነበረን። ቆራጩ ጨርቅ ደራርቦ በአንዴ የብዙ ሸሚዝ ይቆርጣል። ከዚያ አንድ ሰው እየለየ፣ ለአንድ ሸሚዝ የሚሆነውን፣ ሁለት ፊት፣ አንድ ጀርባ፣ ሁለት እጅጌ፣ ኮሌታና ኪስ፣ ሁሉንም ከአንድ ልክ ሰብስቦ ይጠቀልላል፤ ጥቅሉን በብጣሽ ጨርቅ አስሮ ለሰፊ ይሰጣል። ሥራው ይሰለቻል። የተመደበበት ሁሉ ወሬ ሲጀምር የትንሹን እጅጌ ከትልቁ ሸሚዝ ያስርና እኛን ከመኪናችን ያስነሣን ነበር።

ሐሳቡ የመጣልኝ አንድ ክረምት የመስጊዳችን ሼህ ይማም ለእናቴ ሲያወሩ ሰምቼ ነው። መስጊዱ በር ላይ የምእመናኑ ጫማ ጭቃው ላይ ዱካ ይተዋል። ሰው ረግጦ ሲበታትነው ነጅሙ እያንዳንዱን ጫማ አንሥቶ በገዛ ዱካው ላይ ይመልሳል አሉ። ቀኙን ለግራ፣ የአንዱን ለሌላው አንድም ቀን አላደረገም። ሼሁ እንደ ደግ ነገር ነው የነገሯት። እኔ ግን በማግስቱ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

አናጺው ፈዬራ ጎረቤታችን ነው። ሦስት ሰፋፊ የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ቆረጠልኝ፤ ለትንሽ፣ ለመካከለኛና ለትልቅ ልክ። የሸሚዙን ክፍሎች በየቦታቸው ዘርግቼ ዙሪያቸውን በጠመኔ አሰመርኩ፤ እሱ ምስማር እያጋለ በመስመሩ ላይ እንጨቱን ተኮሰው። ነጅሙ ጨርቁን መስመሩ ላይ ያሳርፋል፤ ባዶ የቀረ መስመር ካለ የጎደለ ነገር አለ፤ ሁሉም ከተሸፈነ ሸሚዙ ሙሉ ነው፤ ይጠቀልላል፣ ያስራል። መቁጠር የለበትም፤ ማንበብ የለበትም። የያኔው ሊቀመንበር መልካም ሰው ነበሩ፤ አንድ ወር ይሞከር አሉ። ሦስት ሳምንት አጠገቡ ቆሜ እጁን እየያዝኩ አሳየሁት። በአራተኛው ሳምንት እጄን ገፋው።

አራት ዓመት ሠራ። በአራት ዓመት ከእሱ ጠረጴዛ አንድ የተሳሳተ ጥቅል አልወጣም። ፎቶግራፍ ያለበት የአባልነት ደብተር ተሰጠው፤ ደረት ኪሱ ውስጥ ይይዝና ለታክሲ ረዳት ሁሉ ያሳያል። ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ይለብስና በር ላይ ቆሞ «አረፈድሽ» ይለኛል። ከእንጦጦ ሲወርዱ ድሮ ያሸክሙት የነበሩትን መንገድ ላይ ሲያገኝ ፊቱን ያዞራል። ያኔ ነው ቂሙን ሁሉ ሳይጥል መያዙን ያወቅኩት።

በ1976 ዓ.ም. ጥር ላይ ጓድ ዓምደ ሚካኤል ሊቀመንበር ሆኖ ተመረጠ። ቆራጭ ነበር። ወፍራም መነጽር ያደርጋል፤ ካለ እሱ መቀስና ጨርቅ አይለይም። ማስታወቂያ መለጠፍ ይወዳል። በመጀመሪያው ወር የለጠፈው እንዲህ ይል ነበር፦ «ሰፊ የተሰጣትን ጥቅል ትሰፋለች። ፈትታ አትመርጥም፣ አትለዋውጥም። ይህን የጣሰች ከሥራ ትታገዳለች።» ከሥሩ ፊርማውና ማኅተሙ አለ።

ያ ዓመት አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር የሚያጣድፍበት ነበር። አጥር ይቀባል፣ ቅስት ይተከላል። ሐምሌ ላይ ከበላይ እንግዶች ሊጎበኙን ነው ተባለና ዓምደ ሚካኤል ቀይ ቀለም ይዞ መጣ። በሩን ቀባ፣ የጠረጴዛ እግር ቀባ፤ የነጅሙን ሰሌዳዎች አየና «ይህ የተለበለበ ጣውላ ለእንግዳ ዓይን አይሆንም» አለ። ጓድ ሊቀመንበር፣ እነዚህን አይንኩብን፤ መስመሩ ከጠፋ ወንድሜ መሥራት አይችልም ብዬ ለመንኩት። ሰው እየሰማ ነው የለመንኩት። መልሱን ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«በአራት ዓመት ካለ ጣውላ መሥራት ካልለመደ፣ መቼም አይለምድም።»

የእሱን መነጽር ግን እስካሁን ማየት አልለመድክም ወይ ብሎ ከአፍንጫው ላይ ያወለቀበት የለም። ይህን ያኔ አላልኩም፤ ዘግይቶ ነው የመጣልኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል። እሱ ግን የተተኮሰውን መስመር በስቱኮ ደፈነው፣ ሁለት ጊዜ ቀይ ቀባው፤ አንድ መፈክርም በሦስቱ ላይ አካፍሎ በነጭ ጻፈ።

እንግዶቹ ሲመጡ በኩራት ወደ ነጅሙ ወሰዳቸው። ማኅበራችን እንዲህ ያሉትን ሳይቀር አምራች አድርጓል ብሎ ገለጸላቸውና ሥራ አሳያቸው አለው። ነጅሙ ሁለቱን የሸሚዝ ፊት አነሣ። ሰሌዳው ላይ ጣቱን አስኬደ። መስመሩን ፈለገ። ሰሌዳውን ገልብጦ ከጀርባው አየ፤ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር አየ። አንዱ እንግዳ ሳቀ፤ ከዚያ ሌሎቹም ሳቁ። ነጅሙ ወደ እኔ ዞሮ «የት ሄደ?» አለኝ። ዓምደ ሚካኤል ፊቱ ቀላና «ዛሬ አመመው መሰለኝ፤ የአእምሮ ነገር አይታመንም» ብሎ እንግዶቹን ወደ መኪናዎቹ መራቸው። እኔ እየሰፋሁ ነበር። እጄ አላቆመም። ለዚያ ለራሴም ቂም አለኝ።

በሳምንቱ ነጅሙ ከአባልነት ተሰረዘ፤ ደብተሩን ከኪሱ ወሰዱበት። በቦታው የሊቀመንበሩ ሚስት ዘመድ ብዙነሽ ገባች፤ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ክፋት የሌለባት፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ነች። ወንድሜ ሦስት ቀን በር ላይ ለብሶ ቆመ። በአራተኛው ቀን ገመዱን አንሥቶ እንጦጦ ወጣ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። ማታ ሲመለስ ጠባሳው ተልጦ ነበር። ሸሚዙን ሳጥብ ደሙን አየሁና ያን ሰውዬ በሰፈረው ቁና ሳልሰፍረው እንደማልሞት ለራሴ ነገርኩ።

መንገዱን ራሱ ነበር የለጠፈልኝ። ብዙነሽ በገባች በሳምንቱ ጥቅሏን ስፈታ የትንሽ ልክ እጅጌ ከትልቅ ሸሚዝ ጋር ታስሯል። ድሮ ቢሆን ተነሥቼ እለውጠዋለሁ። ቀና ስል ማስታወቂያውን አየሁት። ቁጭ አልኩና ሰፋሁት። ጎትቼ፣ አኮማትሬ፣ ጥርት ባለ ስፌት ሰፋሁት። ለምሳ ስንወጣ ለአራቱ ባልደረቦቼ ነገርኳቸው፤ ከዛሬ ጀምሮ ማስታወቂያውን እናከብራለን አልኩ። ማንም ለምን አላለኝም። ከሁላችን ታላቅ የሆኑት እማማ በለጡ ብቻ ትንሽ አሰቡና «ልጄ፣ የታዘዘ አይወቀስም» ብለው ወደ መኪናቸው ተመለሱ።

ሥራው ለበዓሉ ሰልፍ የታዘዘ የወጣቶች ካኪ ሸሚዝ ነበር። ዓምደ ሚካኤል ቅስት ሲያስቀባ ይውላል፤ ማታ መጥቶ አሥር አሥሩ ታስሮ የተቆለለውን ከላይ ዳሰስ አድርጎ «ተመርምሯል» ብሎ ይፈርማል። ከላይ የምናደርገው ሁልጊዜ ደህናውን ነበር፤ ይህን አልክድም። ጳጉሜን ላይ ሸሚዞቹ ተወሰዱ። ልጆቹ ለልምምድ ለብሰው ተሰለፉ፤ ግራ እጅ ወደ ላይ ሲባል የአንዱ እጅጌ ክርኑ ላይ ቀርቷል፣ የሌላው ጣቱን ሸፍኗል፣ የሌላው ብብት ተተርትሯል። ያየ ሰው ሲነግረኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ማፈር ነበረብኝ፤ አላፈርኩም።

በማግስቱ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሁለት ሰዎች ሽጉጣቸውን ወገባቸው ላይ ሻጥ አድርገው መጡ። የመጀመሪያ ቃላቸው «አሻጥር» ነበር። ያኔ ፈራሁ። በዚያ ቃል የሄዱ ሰዎች እንዴት እንደቀሩ ሰፈራችን ያውቃል። ዓምደ ሚካኤል ሴቶቹ ናቸው አለ። እማማ በለጡ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ በጣታቸው ግድግዳውን አሳዩ። ሰዎቹ ማስታወቂያውን አነበቡ፤ ማኅተሙን አዩ፤ «ተመርምሯል» የሚለውንም ፊርማ አስቀርበው አስተያዩ። ይዘውት ሄዱ።

ዘጠኝ ቀን አስረው በዋስ ለቀቁት። ነገሩ ግን አላለቀም፤ አምስታችን ሰፊዎች ማክሰኞ ቀርበን ቃል እንድንሰጥ ተባለ። ሆን ብሎ ነው ያበላሸው ካልን እሱ አይመለስም። የእኛን ተንኮል ካወጣን እኛ አንመለስም። አራቱ ባልደረቦቼ እኔ የምለውን እንደሚሉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እንዲሞት አልፈለግኩም፤ አላህ ምስክሬ ነው። እንዲዋረድ ግን ፈለግኩ፤ ወንድሜ በተዋረደበት ቦታ፣ በተዋረደበት ልክ።

ሰኞ ጠዋት ለሥራ ልወጣ ስል በራችን ላይ ሽማግሌ ቆሞ አገኘሁ። ሼህ ይማም ነበሩ፤ አጠገባቸው የሥላሴ ማኅበርተኞች አለቃ የሆኑት አቶ ወልደ ሐዋርያት። ከኋላቸው ዓምደ ሚካኤል ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አቀርቅሯል። በደለኛ እንዲህ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ ተበዳይ ይቅር ብያለሁ ሲል ድንጋዩ ይወርዳል፤ ያገራችን እርቅ ነው። ይኸው ሰውዬ ባለፈው ዓመት ስብሰባ ላይ ይህንኑ የፊውዳል ቅሪት ብሎ ሲያብጠለጥለው ጆሮዬ ሰምቷል። አቶ ወልደ ሐዋርያት ረጅም ምርቃት መረቁኝና፣ ልጁ አጥፍቷል፣ ነገ ለነፍሱ የሚበጅ እውነቱን ተናገሪለት፣ ነጅመዲንም ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ይህን ራሱ በመስቀሉ ምሎልናል፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሰዎችም ተስማምተዋል አሉ።

ነጅሙ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ እንጦጦ ሊወጣ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ማንም እሱን አላየውም። ያ ነው ያናደደኝ።

«አባቶቼ፣ ነገ እውነቱን እናገራለሁ፤ ሰሌዳውን አለማወቅና ትዕቢት ነው ያስቀባው እንጂ አሻጥር አይደለም» አልኳቸው። «ይቅርታው ግን የእኔ አይደለም። የተበደለው እዚያ ቆሟል።»

አቶ ወልደ ሐዋርያት ግራ ተጋቡ፤ እሱ ምን ያውቃል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ዘጉ። ሼህ ይማም ግን ገባቸው። ወደ ነጅሙ ዞሩና ለአዋቂ ሰው እንደሚነገረው ቀስ ብለው፣ ይህ ሰው ሰሌዳህን አበላሽቶ ከሥራህ አስወጥቶህ ነበር፤ አሁን ይቅር በለኝ ብሎ ድንጋይ ተሸክሟል፤ ይቅር ካልከው ድንጋዩን ታወርድለታለህ አሉት። በእድሜው ሽማግሌ ቆሞ ሲጠይቀው የመጀመሪያው ነበር።

ነጅሙ ገመዱን መሬት ላይ አስቀመጠ። ዓምደ ሚካኤልን ዞረው። ድንጋዩን በሁለት እጁ አንሥቶ መዘነው። ሽማግሌዎቹ ታረቁ ብለው «ተመስገን» ሲሉ እሱ «ትንሽ ነች» አለ።

ድንጋዩን ወንዙ ውስጥ ወረወረና ራሱ ወደ ወንዙ ወረደ። ሲመለስ የወንዝ ድንጋይ ታቅፎ ነበር፤ የወፍጮ መጅ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ዓምደ ሚካኤል ማጅራት ላይ ጫነው፤ በደንብ እንዲቀመጥም አስተካከለለት። ሸክም ያውቃል፤ የት ላይ እንደሚያምም ያውቃል። አቶ ወልደ ሐዋርያት ሊከለክሉ ሲሉ ሼህ ይማም ክንዳቸውን ያዙ። እኔም አላማለድኩም።

«ማነው የቀባው?» አለ ነጅሙ።

«እኔ ነኝ።»

«ድገመው።»

«እኔ ነኝ ነጅሙ፣ ይቅር በለኝ።»

«እዚያ በለው» አለና በእጁ ወደ ላይ፣ ወደ ማኅበሩ አሳየው።

ከወንዙ እስከ ማኅበሩ ዳገት ነው። ነጅሙ ከፊት፣ ዓምደ ሚካኤል ከነድንጋዩ ከኋላው፣ ሽማግሌዎቹ ተከትለው፣ እኔ መጨረሻ። ዳቦ ለመግዛት የተሰለፈው ሰው ሰልፉን ትቶ አየን። ሰውየው ሁለት ጊዜ ሊወድቅ ተንገዳገደ፤ መነጽሩ በላብ ተሸፈነ፤ ነጅሙ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ስገባ አራቱም ባልደረቦቼ መኪናቸው ላይ ነበሩ፤ ብዙነሽም ነበረች። ዓምደ ሚካኤል እዚያው፣ እንግዶቹ የሳቁበት ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሰሌዳውን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ነጅመዲን አላመመውም ነበር አለ። እማማ በለጡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ነጅሙ ድንጋዩን አነሣለት። ሁሉም እፎይ አለ፤ አቶ ወልደ ሐዋርያትም ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ። እሱ ግን ይቅር ብያለሁ አላለም። ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ በሥራ ባሳለፋቸው ዓመታት ሁሉ አላለም። እሱ ከወጣ ወዲህ ለመፈክሩ ከተሰቀሉት ቀይ ሰሌዳዎች አንዱን ከግድግዳ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አጋደመ፤ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ቢላዋ አምጥቶ በእጁ አስያዘውና «ፋቀው» አለው። ብዙነሽ ሳትታዘዝ ከወንበሩ ተነሣችለት፤ ነጅሙ ተቀመጠበት።

ሰውየው ቆሞ ፋቀ። ቀለሙ እየተላጠ፣ ስቱኮው እየተፈረፈረ፣ ከሥር የተተኮሰው መስመር ትንሽ ትንሽ ብቅ አለ። ሽማግሌዎቹ ደክሟቸው ሄዱ፤ እኛም መስፋት ጀመርን። በምሳ ሰዓት አንደኛውን ጨርሶ እጁን እያሸ ቀና ሲል፣ ነጅሙ ጎንበስ ብሎ በእጅጌው መስመር ላይ ጣቱን አስኬደ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ቀና ብሎ «እዚህ ጋ ቀርቷል» አለው።